ጠይቁን፦ የመረጥነው ሰው ስለ ጠመንጃ ምን ይላል?

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ከጎጃም ናቸው። የተነሱበት ነገር ይለያያል፤ ዞረው ዞረው ግን ጠመንጃ ላይ ያርፋሉ። አንዳንዱ በንዴት ተጽፏል፣ አንዱ በለቅሶ። ሁሉንም ማተም ስለማንችል አምስቱን መርጠናል። የጻፉትን ሰዎች ስም ትተነዋል።

ከደብረ ማርቆስ

«ጋሼ ሰላም ነህ? በ2013ቱ ምርጫ ለፓርላማ የሚወዳደር ሰውዬ እኛ ሰፈር መጥቶ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። እጄን አወጣሁና ስለ ጦር መሣሪያ ቁጥጥር አቋምህ ምንድነው አልኩት። እኔ የቆምኩት ለሕዝቤ ሰላምና ደኅንነት ነው አለኝ፣ ተጨበጨበለት፣ ተቀመጥኩ። በቀደም አትላንታ ካለችው የአክስቴ ልጅ ጋር በስልክ ስናወራ የሷ ሰፈር ተመራጭ ስለ ጠመንጃ ምን እንደምትል፣ የቱን ሕግ እንደደገፈች ሳይቀር ዘርዝራ ነገረችኝ። ቅናት ነው የያዘኝ። እኛ ጋ ለምን እንዲህ አይሆንም? ሰውዬውንስ ምን ብዬ ነበር መጠየቅ የነበረብኝ?»

ሰላም ነኝ ወንድሜ። ጥያቄህ ጥሩ ነበር፣ ችግሩ ማምለጫው ብዙ ነው። አቋምህ ምንድነው የተባለ ፖለቲከኛ ሁሉ ሰላም እወዳለሁ ይላል። ሰላም አልወድም ብሎ የተመረጠ ሰው እስካሁን አላየሁም። ሰውዬውን የምትይዘው ዝርዝር ውስጥ ስታስገባው ነው። መሣሪያ ማን ይያዝ፣ ማን አይያዝ? ፈቃድ የሚሰጠው ማነው፣ የሚነጥቀውስ? ሰክሮ የሚተኩስ ምን ይደረግ? መሣሪያውን አምኖ ያስመዘገበ ገበሬ ነገ በዚያው መዝገብ ተለቅሞ ትጥቅ እንደማይፈታ ዋስትናው ምንድነው? እነዚህን ብትጠይቀው ጭብጨባው ቀዝቀዝ ይል ነበር።

የአክስትህ ልጅ ያወራችልህ ሴትዮ ሉሲ ማክባዝ ሳትሆን አትቀርም። ከአትላንታ ዳርቻ ነው የተመረጠችው። ታሪኳ ያሳዝናል። በፈረንጆቹ 2012 የ17 ዓመት ልጇ ጆርዳን ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ነዳጅ ማደያ ላይ ከጓደኞቹ ጋር መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሙዚቃችሁ ጮኸ በሚል ጸብ ተተኩሶበት ሞተ። እሷ ያኔ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ነበረች። ስትዞር፣ ስትናገር፣ ስትከራከር ቆየችና በ2018 ተወዳድራ ምክር ቤት ገባች።

አቋሟን ለመናገር ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ጠመንጃ የሚሸጥ ሁሉ፣ ባለ ሱቅም ይሁን ግለሰብ፣ የገዢው የወንጀል መዝገብ ሳይታይ እንዳይሸጥ ትላለች። ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ነው ተብሎ የተፈራ ሰው ደግሞ መሣሪያው በዳኛ ትዕዛዝ ለጊዜው ከእጁ እንዲወጣ ትላለች። ይህን ሁለተኛውን ራሷ ረቂቅ አድርጋ አቀረበችው። በ2022 የታችኛው ምክር ቤት አሳለፈው፣ ሴኔት ሲደርስ ቀረ። የሰው ጠመንጃ ሁሉ ይሰብሰብ ግን አትልም። ብትልም አይሆንላትም፣ ሕገ መንግሥታቸው ከ1791 ጀምሮ መሣሪያ የመያዝ መብት ሰጥቷል።

ሌላም አለ። ከኤርትራውያን ወላጆች የተወለደው ጆ ንጉሤ የኮሎራዶ ተመራጭ ነው። በ2021 መጋቢት ላይ እሱ በሚወክላት ቦልደር ከተማ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ 10 ሰው ተገደለ፤ እሱም ሕጉ ይጥበቅ ከሚሉት አንዱ ነው። በዓመቱ ቴክሳስ ውስጥ ኡቫልዴ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ሲገደሉ ሁለቱ ፓርቲዎች እንደምንም ተስማምተው አንድ ሕግ አወጡ። ከ21 ዓመት በታች የሆነ ገዢ ጠለቅ ያለ ማጣራት ይደረግበታል። የፍቅር ጓደኛውን በመደብደብ የተፈረደበትም፣ ባይጋቡ እንኳ፣ ጠመንጃ ይከለከላል። ሴኔት ውስጥ 65 ለ33 ነው ያለፈው። 65ቱ እነማን እንደሆኑ፣ 33ቱም እነማን እንደሆኑ በስም ተጽፎ ይገኛል። ማንም ሰው ስልኩ ላይ ያየዋል።

ይህን ስልህ አሜሪካ ነገሩን ፈታችው ማለቴ እንዳይመስልህ። በ2021 ብቻ 48,830 ሰው በጠመንጃ ሞቶባቸዋል። የሚያስቀናው ቁጥራቸው አይደለም። ማን ምን እንዳለ መታወቁ ነው።

ወደኛ እንምጣ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 51 ላይ ስለ ጦር መሣሪያ መያዝ ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቶታል። ስለዚህ ባሕር ዳር ያለውን የክልል ምክር ቤት ተመራጭህን ብትወጥረው የኔ ሥልጣን አይደለም ይልሃል፣ እውነቱን ነው። የሚጠየቀው አዲስ አበባ የሚቀመጠው ነው። ሕጉም አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይባላል። ያለ ፈቃድ መያዝ፣ መነገድ፣ ማዘዋወር ይከለክላል፤ ለግለሰብ ጨርሶ የማይፈቀዱ የመሣሪያ ዓይነቶችንም ለይቶ ያስቀምጣል፤ ቁጥጥሩ የፌዴራል ፖሊስ ነው።

ታዲያ ይህ አዋጅ ሲጸድቅ ከጎጃም የሄዱት ተመራጮች ምን አሉ? ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ፣ ማን ዝም አለ? አንተም አታውቅም፣ ጎረቤትህም አያውቅም። እጅ ይወጣል፣ ይቆጠራል፣ ዜናው ምክር ቤቱ አዋጁን አጸደቀ ይልና ወደ ስፖርት ያልፋል። የአክስትህ ልጅ ካንተ በልጣ አይደለም፤ የተመራጯ ድምፅ በስሟ ስለተጻፈ ነው። እኔ ብጠየቅ ከማንኛውም የመሣሪያ ሕግ በፊት ይሄ ይስተካከል ነበር የምለው። በስሙ ድምፅ የማይሰጥ ሰው አቋም አለው ማለት ይከብደኛል።

ከቡሬ ገጠር

«የምጽፈው በልጄ እጅ ነው። ገበሬ ነኝ። ፖሊስ ጣቢያ ከኛ ጎጥ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሌሊት ውሻ ሲጮህ የማነሳው ስልክ ሳይሆን ጠመንጃ ነው፣ ኔትወርኩም ቢኖር ማን ይመጣል? በሬዬ ከተነዳ የዘንድሮ እርሻ አበቃ ማለት ነው። መሣሪያ ይከልከል የምትሉት ከተማ ቁጭ ብላችሁ ነው። ፓርላማ የገባውስ ሰው ይህን ያውቃል?»

አባቴ፣ እጅ ነስቻለሁ። ከተማ ቁጭ ብላችሁ ያሉት እውነት ነው፣ እቀበላለሁ። የግማሽ ቀን መንገድ የሚለውን ቃል የሚያልፍ ተመራጭ ስለ ጠመንጃ አፉን ባይከፍት ይሻላል። ሰው ለብቻው ሲተው ራሱን ይጠብቃል። ከየትኛውም አዋጅ በፊት የነበረ ነገር ነው።

ደግሞ ጎጃም ጠመንጃ የያዘው ለጌጥ አይደለም። በጣሊያን ጊዜ እነ በላይ ዘለቀ አባይ ዳር የተዋጉት ከጠላት በማረኩት መሣሪያ ጭምር ነው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ሞጣና ብቸና ገማች አናስገባም ብለው ሲነሱ፣ መንግሥት ጦር ሲያዘምት፣ ያንን ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው መንግሥት ሁሉ ወይ መሣሪያ አስታጥቋል ወይ መሣሪያ ለቅሟል፣ አንዳንዱ ሁለቱንም አድርጓል፣ ለዚያውም አንዱን ሰው። እርስዎ በመዝገብ መጻፍን ቢፈሩ አልፈርድብዎትም።

ግን እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከርስዎ ቀበሌ በጥይት የሞቱትን ሰዎች አንድ በአንድ ያስቧቸው። ስንቱ ሌባ ነበር? ስንቱስ የድንበር፣ የግጦሽ፣ የመስኖ ውሃ፣ ወይ ጠላ ቤት የተነሳ ነገር? መልሱን ለኔ አይንገሩኝ፣ ለልጅዎ ይንገሩት። እዚህ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ግን ስለ ሌባ የሚያወሩት ጥቂት ናቸው። የቀሩት ስለ ጎረቤት ነው። አንዱ በእልህ ይተኩሳል፣ ይታሰራል ወይ ይሸፍታል። የሟች ወንድም ደም ካልመለስኩ ብሎ ያደባል። ልጆች ከትምህርት ይቀራሉ፣ ሚስት ወደ ወላጆቿ ትመለሳለች፣ መሬቱ ጦሙን ያድራል። ለበሬ የተገዛ ጠመንጃ በመጨረሻ እርሻውን ራሱ ይበላዋል።

ስለ ሌባውም ሕጉን ይወቁት፣ ብዙ ሰው በዚህ ተሳስቶ ታስሯል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ራስንም፣ ሌላውንም ሰው፣ መብትንም ከሕገ ወጥ ጥቃት መከላከል ይፈቅዳል። ቤትዎና ከብትዎ እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ነገር ግን ጥቃቱ ሊደርስ የተቃረበ ወይም እየደረሰ ያለ መሆን አለበት፣ ሌላ ማምለጫ የሌለው መሆን አለበት፣ መከላከያውም ከጥቃቱ ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። መሣሪያ ደግኖ በርዎን የሚሰብር ሰው አንድ ነገር ነው። በሬውን ጥሎ የሚሮጥን ሰው ከኋላው መምታት ሌላ ነው፤ ያ መከላከል አይባልም። ከልክ ያለፈ ከሆነ አንቀጽ 79 ይመጣል፣ ዳኛው ቅጣቱን ያቀልለታል፤ ልክ ያለፈው ጥቃቱ ባመጣበት ድንጋጤ ወይም ፍርሃት ከሆነ ደግሞ ሳይቀጣ ሊተወው ይችላል።

እንግዲህ ተመራጩ ምን ይበል? እኔ የምመርጠው ተመራጭ ለቀማን አያስቀድምም። መጀመሪያ የሚጠብቅ ሰው ያምጣ። የቀበሌውን ሚሊሻ ያሠልጥን፣ ለአለቃ ብቻ ሳይሆን ለሕግ ተጠያቂ ያድርገው፣ ፖሊሱን ያቅርበው። ቀጥሎ መዝገቡ ለለቀማ እንደማይውል በሕግ ይጻፍ። ከዚያ ፈቃድ፣ ከዚያ ቁጥጥር። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መሣሪያውን የሚያስረክበው ሕግ አክባሪው ብቻ ነው፤ ሌባው ቀበሌ ሄዶ አይመዘገብም።

መሰብሰብም ካስፈለገ የተሳካላቸው ከፍለው ነው የሰበሰቡት። አውስትራሊያ በፈረንጆቹ 1996 ፖርት አርተር በሚባል ቦታ አንድ ሰው 35 ሰው ከገደለ በኋላ የተከለከሉትን ጠመንጃዎች ከባለቤቶቹ በገንዘብ ገዛች፣ 650,000 የሚያህል። እዚያ ግን ጦርነት አልነበረም። ለኛ የሚቀርበው ማሊ ነው። በዚያው በ1996 ሰሜኑን ያመሰው ውጊያ በእርቅ ሲያልቅ ታጋዮቹ ያስረከቡት ወደ 3,000 የሚጠጋ መሣሪያ ቲምቡክቱ ላይ በአደባባይ ተከምሮ ተቃጠለ። መሣሪያው የተቃጠለው ከእርቁ በኋላ ነው። ማሊ ከዓመታት በኋላ እንደገና ወደ ጦርነት መግባቷም እውነት ነው፣ እሳቱ ብቻውን ዋስትና አልሆናትም።

ከ2015 ወዲህ ጎጃም ውስጥ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ተኩስ እያለ ስለ ፈቃድና ስለ መዝገብ ማውራት ለአንዳንዱ ቀልድ ይመስላል፣ ይገባኛል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጦር መሣሪያ ቁጥጥር የሚያወራ ተመራጭ ስለ ድርድር የሚለውንም አብሮ ካልነገረን ጉዳዩን ከጅራቱ ነው የያዘው።

ከሞጣ ዙሪያ

«የወንድሜ ልጅ ሠርግ ላይ ጠጥቶ ወደ ሰማይ ሲተኩስ ጥይቱ አንድ እንግዳ መታና ሰውዬው ሞተ። አስቦ አይደለም። ሟቹን አያውቀውም እንኳ። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካሳ ከፍለን፣ ቄስ ባለበት ታርቀናል። የሟች እናት ራሳቸው ይቅር ብዬዋለሁ ብለዋል። ዐቃቤ ሕግ ግን አልለቅም አለ። ጠበቃው ደግሞ ብዙ ዓመት ሊፈረድበት ይችላል አለን። ይቅር ካሉ በኋላ መንግሥት ምን አገባው?»

እታለም፣ ለሁለቱም ቤት እግዜር ያጽናችሁ። የምነግርሽ ደስ አይልም፣ ግን ጠበቃው እውነቱን ነው።

በነፍስ ጉዳይ ከሳሹ መንግሥት ነው። የሟች ቤተሰብ ይቅር ማለታቸው ደሙን ያደርቃል፣ በቀል እንዳይመጣ ያደርጋል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክሱን ግን አያስቀረውም። ካሳ መክፈላችሁና እሱም ከልቡ መጸጸቱ ቅጣት ሲወሰን እንደ ማቅለያ ይታያል፤ ስለዚህ የእርቁን ወረቀት ጠበቃው ለዳኛው እንዲያቀርበው አድርጉ፣ ቤት ውስጥ አታስቀምጡት።

ቅጣቱን በተመለከተ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543ን ተመልከቺ። በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሰው በመደበኛው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም የገንዘብ መቀጮ ነው የሚጠብቀው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይሄን ነው፣ ለዚህም ነው ነገሩን የሚያቀሉት። ነገር ግን ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ አለ። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ወይም ሰውየው ግልጽ ደንብ እያወቀ ከጣሰ፣ ወይም ጠጥቶ ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ ካገባ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፣ መቀጮውም ተጨምሮ። እዚህ ጋ ነው «ጠጥቶ ነው እኮ» የሚለው መከላከያ የሚገለበጠው። ዘመድ ሁሉ ልጁን ለማትረፍ ሰክሮ ነበር፣ አላወቀም እያለ ሲመሰክርለት አብዛኛውን ጊዜ እያሠረው ነው። ጠበቃው ሳያውቅ ማንም ሰው ቃል እንዳይሰጥ ብዬ እመክራለሁ። ዋሹ ማለቴ አይደለም። የምትሉት ነገር ምን እንደሚያስከትል አውቃችሁ ተናገሩ ነው።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሰማይ ላይ አይቀርም፣ ይወርዳል። ይህን የማያውቅ ጎልማሳ የለም። ሆኖም ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ታቦት ሲመለስ ተኩሱ ይቀጥላል፣ ያልተኮሰው ወንድ እንዳልሆነ ይቆጠራል፣ አጎቱም ጥይት ያቀብለዋል። ፉከራው ያለ ጥይት ያምራል። እኔ የማውቃቸው አንድ የገጠር እድር አባላት ነገሩን በራሳቸው ደንብ ዘግተውታል። መሣሪያ ይዞ ሠርግ የመጣ ሰው ጥይቱን አውጥቶ ለድግሱ ሽማግሌ ያስረክባል፣ ሲወጣ ይቀበላል። እምቢ ያለ እንጀራ አይቀርብለትም። ለዚህ ፓርላማ መጠበቅ አላስፈለጋቸውም። ተመራጩ ሊያግዝ ከፈለገ ሠርግ ተጠርቶ ሲሄድ የራሱ አጃቢዎች እንዳይተኩሱ ያድርግ፣ ከዚያ ይጀምር።

ከፍኖተ ሰላም

«መምህር ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ከቆየበት ቦታ ከተመለሰ ጀምሮ ሰው አያናግርም። እንቅልፍ የለውም። ማታ ማታ ክላሹን ይዞ ደጅ ይቀመጣል። አንድ ቀን «እኔ ከሌለሁ ትገላገላላችሁ» አለ። አባቴ የወንድ ልጅ መሣሪያ መውሰድ ማዋረድ ነው ይላል። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ሌላውን ደብዳቤ ሁሉ ትቼ ያንተን ቀድሜ ነበር ያነበብኩት። በዚህ ነገር አትጠብቅ።

«ከሌለሁ ትገላገላላችሁ» ያለ ሰው ዝም ብሎ የተናገረው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ቅድም ከጠቀስኩት 48,830 ሟች ከግማሽ የሚበልጠው፣ 26,328 ሰው፣ ራሱን የገደለ ነው። ሰዉ ስለ ጠመንጃ ሲያወራ ወንበዴ ነው የሚያስበው፤ ቤት ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ሰው አይታሰበውም። ክፉው ሐሳብ ብዙ ጊዜ መጥቶ ያልፋል። በዚያች ሰዓት ክላሽ እጁ ላይ ካለ ግን ለመመለስ ፋታ አይሰጥም። እነ ማክባዝ መሣሪያው በዳኛ ትዕዛዝ ለጊዜው ይወሰድ የሚሉት ለዚህ ነው። እኛ ጋ የሚቀርበው ሽማግሌ ነው።

ለአባትህ እንዲህ በልልኝ፤ ታሞ የተኛ ሰው በቅሎውን ሌላ ሰው ቢጠብቅለት አልተዋረደም። ወንድምህ የሚያከብረውን አንድ ሰው ፈልግ፣ የንስሐ አባቱ ወይ አጎቱ ወይ አብሮት የነበረ ጓደኛ። እሱ ይለምነው። «ስጠኝ» አይበለው፣ «እስክትድን እኔ ላስቀምጥልህ» ይበለው። በሕጋዊ መንገድ የሚረከበው አካል ካለ በደረሰኝ ይሁን፣ ሲሻለው እንደሚመለስለት ይነገረው። ይህ ሁሉ እስኪሆን ግን ዛሬ ማታ ጥይቱና ክላሹ አንድ ቤት አይደሩ። ካዝናው እናታችሁ ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ከግቢ ውጭ ይሁን። ብቻውንም አትተዉት።

ሐኪም ዘንድ ውሰደው። ደብረ ማርቆስ ሪፈራል ሆስፒታል ይቀርባችኋል፣ ካስፈለገ አዲስ አበባ አማኑኤል አለ። ጠበል ይሂድ ካሉህ አትከራከር፣ ጠበሉም ይቀጥል መድኃኒቱም ይቀጥል። እና አንተ ራስህ «ልትሞት ታስባለህ ወይ?» ብለህ ጠይቀው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብዙ ሰው ሲጠየቅ ነው የሚተነፍሰው። እባክህ ምን እንደደረስክ ጻፍልኝ፣ አላትመውም።

ከደጀን

«ለፓርላማ የመረጥነውን ሰው ከተመረጠ ወዲህ ያየነው የለም። የት ነው የምናገኘው? አልሰማ ካለንስ ማውረድ ይቻላል?»

ይቻላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ ተወካይ የመራጩን አመኔታ ሲያጣ ከምክር ቤቱ እንደሚወገድ ተጽፏል። እዚያው አንቀጽ ላይ ሌላም የሚጣፍጥ ነገር አለ። ተመራጩ የሚገዛው ለሦስት ነገር ነው ይላል፦ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው። ፓርቲዬ አይፈቅድልኝም የሚል ካጋጠማችሁ ፓርቲው ከሦስቱ ውስጥ የትኛው እንደሆነ ጠይቁት።

የሚገኝበትን ጊዜ በተመለከተ፣ ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይከፈትና ሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ሥራ በዝቶብኝ ነው የሚል ሰበብ የለውም። ጭቃው እንደሆነ ሁላችንንም እኩል ያስቸግረናል። ወረዳ ወይ ዞን መጥቶ እንደሆነ አጣሩና አምስት ስድስት ሆናችሁ ሂዱ። ብዙ አትሁኑ፣ ስብሰባ ካደረጋችሁት ንግግር ያደርግላችኋል። ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ሂዱ፦ አዋጅ 1177 ሲጸድቅ በቦታው ነበርክ? ከነበርክ እጅህን አወጣህ? ካልነበርክ ዛሬ ለድምፅ ቢቀርብ የቱን አንቀጽ ትደግፋለህ፣ የቱን ትጥላለህ? የተመዘገበ ገበሬ መሣሪያ እንዳይለቀም ምን ሐሳብ ታቀርባለህ? አንዳችሁ ጠይቁ፣ ሌላው ቃል በቃል ይጻፍ፣ ሲያበቃ ያንብብለትና ሰውዬው ልክ ነው ይበል። መልሱን ላኩልን። ስሙን ከነመልሱ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን፣ አልመልስም ካለም አልመልስም አለ ብለን እናወጣለን።